ሽማግሌ የተላከባት መኪና

ልጅ ለማጨት ሽማግሌ ሲላክ ያላየ የለም። የተጣላ ለማስታረቅም፣ ርስት ለማካፈልም፣ አኩርፋ የሄደች ሚስት ለመመለስም ይላካል። መኪና ለመጠየቅ ሽማግሌ የተላከው ግን፣ እኔ እስከማውቀው፣ እዚሁ ወልድያ፣ እኔ ቤት ነው። ብዙ መናገር አልወድም። ወሬው ገበያ ወጥቶ በዋለ ባደረ ቁጥር እየወፈረ ስለሄደ ግን ራሴ ብነግራችሁ ይሻላል። መኪናዋን ቬሎ አልብሼ ሸኘኋት የሚባለው ውሸት ነው። ሽማግሌዎቹ ደጄ ላይ ቆመው አደሩ የሚባለውም ውሸት ነው። የቀረው እውነት ነው።

መኪናዋ ባለ ሁለት በር ናት። ቁመቷ ከወገቤ አያልፍም፤ ሆዷ ከመሬት ጋር የሚነጋገር ይመስላል። ጣልያኖች የሠሯት ለእሽቅድምድም ነው ይባላል። ለእሽቅድምድም የተሠራች መኪና ከአህያ፣ ከግመልና ከጭድ ጫኝ ጋር በአንድ መንገድ ልትሄድ ወደ ወሎ መምጣቷ የራሷ ዕድል ነው።

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መንገድ ቀያሽ ነበር። በእኛ ከተማ በሦስት እግር ላይ በቆመ መነጽር አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያየ ሰው ሁሉ መሐንዲስ ነውና «መሐንዲሱ» ይሉት ነበር። እሱም አላስተባበለም። መንገድ ሊሠራ የመጣ አንድ ጣልያን፣ ዘመን ሲለወጥ ንብረቱን ሸጦ አገሩ ሊገባ ሆነ። ባለቤቴ ለቤታችን ጣሪያ ያስቀመጥነውን ገንዘብ ይዞ ቆርቆሮ ሊገዛ ወጣ። ሲመለስ ቆርቆሮው አራት ጎማ ነበረው።

ያን ክረምት ቤቱ ሲያፈስ ምንም አላልኩትም። በሚያንጠባጥብበት ሁሉ ድስት ደረደርኩ። እሱም ድስቶቹ ሲሞሉ እየተነሳ ይደፋ ነበር። እንደዚያ ሆነን ከረምን።

የመኪናዋ ትልቁ ጉድ መቀመጫዋ ነው። ሁለት ብቻ። በሌላ አገር ሁለት መቀመጫ ማለት ሁለት ሰው ማለት ሊሆን ይችላል። በእኛ አገር መንገድ ላይ እጁን ያነሳን ሰው «ሞልቷል» ብሎ ማለፍ ከስስት ይቆጠራል። ስለዚህ ከመቀመጫዎቹ ኋላ፣ ጣልያኑ ቦርሳውን ያስቀምጥባት በነበረች ጉድጓድ፣ ከግራና ከተማ ገበያ የሚመለሱ ሴቶች ከነሸቀጣቸው ይገቡባት ነበር። እንዴት እንደሚገቡ አይቻለሁ፤ እንዴት እንደሚወጡ ግን ዛሬም አይገባኝም። አንድ ጊዜ አንዲት ሴትዮ ፍየሏን ይዛ ገባች። ወልድያ እስክንደርስ ፍየሏ የጣሪያዋን ጨርቅ ግማሹን በላችው። ሴትዮዋ ደንግጣ «ትታመምብኝ ይሆን?» ብላ ጠየቀችን። የጨነቃት ለፍየሏ ነው።

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ መኪናዋ ጓሮ፣ ከወይራው ሥር ቆማ ቀረች። በጦርነቱ ጊዜ እንኳ፣ በከተማው ጎማ ያለው ነገር ሁሉ ሲሄድ፣ እሷን የወሰዳት የለም። ሊወስዷት የመጡ ነበሩ። ከፍተው አዩዋት፣ ተያዩ፣ መልሰው ዘጉና ሄዱ። እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ትንሽ ግን ከፋኝ።

እንግዲህ ነገሩ የጀመረው በእህቴ ልጅ በሙሄ ነው። ሙሄ መርሳ ላይ ጋራዥ አለው። እጁ ጥሩ ነው፤ ችግሩ ያየውን ነገር ሁሉ ከፍ ማድረግ መውደዱ ነው። አንድ ጊዜ ባጃጅ ከፍ አድርጎ ተሳፋሪው በርጩማ ላይ ቆሞ ይወጣ ነበር። አንድ ቀን ሊጠይቀኝ መጣና ጓሮ ገብቶ ሲመለስ ዓይኑ ተለውጧል።

«አክስቴ፣ ይቺን መኪና ስጡኝና ሰው ላድርጋት።»

«ምን ሆና?»

«ተኝታለች እኮ! ሆዷ አፈር ነክቶ! ወላሂ ታሳዝናለች።»

ስልኩን አውጥቶ የሌላ አገር መኪና አሳየኝ። ደረቷ ላይ መብራት፣ ሆዷ ሥር መብራት፣ ጎማዋ የእህል ወፍጮ ድንጋይ የሚያክል።

«ሞዲፋይ ይባላል» አለኝ። «ከፍ አደርጋታለሁ፣ የፒክአፕ ጎማ አገባላታለሁ፣ የፒክአፕ ሞተር እጭንላታለሁ። የጭስ ማውጫ ማርሚታዋን ደግሞ እቀይርና ውርጌሳ ላይ ስትነሳ መርሳ ላይ ትሰማለች።»

«መሰማቱ ለምን ያስፈልጋታል?»

«ለሙሽራ ናት አክስቴ! የመርሳ ሙሽራ ሁሉ በአንድ ዓይነት ነጭ መኪና እየሄደ፣ አጃቢው እኮ የሌላ ሰው ሙሽራ ተከትሎ እየሄደ ነው።»

እኔም እንዳለች ትቀመጥ አልኩት። «እንዳለች» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ አልጠየቀኝም። ያንን ያመጣብኝ ሌላ ሰው ነው።

ከግቢዬ አንዷን ክፍል የተከራየኝ መምህር ብሩክ ይባላል። የአርሲ ልጅ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ያስተምራል። የሙሄን ሐሳብ ሲሰማ ምሳውን ትቶ ወጣ።

«እትዬ፣ በፍጹም እንዳያስነኩ! ቅርስ ናት። ዋጋዋ ኦሪጅናልነቷ ነው። እርስዎም አይንኳት፤ አቧራዋንም አይጥረጉ። አቧራውም ታሪክ ነው።»

የክፍሉን ወለል እንዴት እንደሚይዝ ስለማውቅ፣ ይህን ያለው ከልቡ እንደሆነ አመንኩ።

ደስ አለኝ። የተማረ ሰው ከጎኔ ቆመ። መምህር ብሩክም የዚችኑ ዓይነት መኪና ሥዕል ከስልኩ አወጣና፣ እያንዳንዱን ዕቃ እያመሳከረ «ኦሪጅናል» መሆኑን ሊያረጋግጥልኝ ተነሳ። እኔ በረንዳ ላይ ሆኜ ምስር እለቅማለሁ።

«እትዬ፣ ይህ መሪ የዚች አይመስልም።»

«የትራክተር ነው» አልኩት።

ስልኩን እንደገና አየ። ቆይቶ «የፊት መብራቱስ?» አለ።

«አንዱ የጭነት መኪና ነው። ሌላው የምን እንደሆነ እሱም አያውቅም ነበር።»

«ስፖኪዮው?»

«የፀጉር አስተካካይ መስተዋት።»

«መቀመጫዋ ግን ቆዳ ነው፤ ጣልያኖች በቆዳ ሥራ…»

«የበቅሎ ኮርቻ የሚሠሩ ሰው ነበሩ፤ እሳቸው ናቸው የለበዱት።»

የነዳጁ ክዳን የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ክዳን መሆኑን ስነግረው ስልኩን ኪሱ ከተተ። ጣሪያዋን አይቶ አፉን ሲከፍት «ፍየል ናት» አልኩት፤ አልጠየቀኝም። መጨረሻ ላይ መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለ። ፊቱ የለቅሶ ቤት ፊት ነው።

«እትዬ፣ ኦሪጅናል ሆኖ የቀረው ቅርጿ ብቻ ነው። እሱም በግራ በኩል ገብቷል።»

ምስሩን መልቀም ቀጠልኩ። እሱ ያላወቀው፣ እኔ እንዳለች ትቀመጥ ስል ያንኑ ማለቴ እንደነበረ ነው። የጣልያኑን መኪና ማን ያውቃታል? የትራክተሩ መሪ ሲገባ ባለቤቴ ብሎኑን እየፈታ ያቀብለኛል፣ እኔ ደግሞ እንዳይጠፋ በሻይ ስኒ እይዝለታለሁ። ያቺ ስኒ ዛሬም የብረት ቀለም አላት። ይህን ለመምህር ብሩክ አልነገርኩትም። ለታሪክ አስተማሪ የሚነገር ትልቅ ነገር አይደለም።

ወሬው መርሳ ደረሰ። ሙሄ በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወልድያ ገባ።

«አዩ አክስቴ! አጎቴም ሞዲፋይ አድርገዋታል!»

«እሱ የተሰበረውን ነው የጠገነው። አንተ ልትሰብር የምትፈልገው ደህናውን ነው።»

«ደህናው የቱ ነው?»

«አልሰጥም ብያለሁ» ብዬ ገባሁ። ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር። በወሎ ምድር በቃል የተሸነፈ ሰው ሽማግሌ እንደሚልክ በዚህ ዕድሜዬ እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም።

በሳምንቱ እሑድ ጠዋት ደጄ ላይ «ቤቶች! እንደምን አደራችሁ!» ተባለ። ብወጣ ሦስት ሽማግሌዎች ነጭ ለብሰው፣ በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። አንዱ ሼህ እንድሪስ ናቸው፤ የመርሳ ሰው ናቸው፤ በሁለት ወረዳ ያላስታረቁት የለም። አንዱ ቄስ መላኩ ናቸው፤ የሰፈሬ ሰው። ሦስተኛው አቶ አራጋው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና የነዱ፤ ሙሄ የሙያ ምስክር እንዲሆኑለት ያመጣቸው ይመስለኛል።

«ግቡ፣ አረፍ በሉ» አልኩ።

«አናርፍም» አሉ ሼህ እንድሪስ። «ጉዳይ ይዘን መጥተናል። እሺ ካልተባልን አንቀመጥም።»

ደንቡ ነው። ሽማግሌ እሺ እስኪባል ቆሞ ይለምናል። ሼሁ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ይህን ንግግር ስንት ቤት እንዳደረጉት በሚያስታውቅ ድምፅ ጀመሩ።

«እንግዲህ እህታችን፣ የመጣነው ለክፉ አይደለም። ልጃችሁን ለልጃችን…»

አቶ አራጋው በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው።

«መኪናችሁን ለልጃችን ስጡን ብለን ነው» አሉ ሼሁ።

እኔም አፌ ከልማዱ የሚወጣ አልሆነም። ለእንዲህ ያለው ጥያቄ እናቶቻችን የሚመልሱት አንድ መልስ ነው፤ እሱው ሳላስበው ወጣ። «ገና ልጅ ናት፤ አልደረሰችም።»

«አልደረሰችም?» አሉ አቶ አራጋው። «እኔ ጺም ሳላወጣ የማውቃት!»

«ደርሳም አልፏታል» አሉ ቄስ መላኩ፣ እንደ ማጽናናት።

መልሼ ለመዋጥ አልቻልኩም። ስለዚህ ያው በጀመርኩት ገፋሁበት፤ ዘመድ ሳላማክር አልችልም አልኩ። ዘመዱ ማን ነው አሉ። ሙሄ ነው አልኩ። ከአንድ እህቴና ከእሷ ልጅ ሌላ ዘመድ የለኝም። እዚህ ላይ ሦስቱም እርስ በርስ ተያዩ።

«እስቲ እንያት» አሉ ቄስ መላኩ። «ሳያዩ መለመንም ደግ አይደለም።»

ጓሮ ወሰድኳቸው። ሦስቱም ክብ ሠርተው ቆሙ። ለካ ሦስቱም ያውቋታል።

«ያ አላህ» አሉ ሼህ እንድሪስ ቀስ ብለው። «አረንጓዴ ነበረች። ሚስቴ ምጥ ይዟት ከውርጌሳ እስከ ወልድያ ሐኪም ቤት በዚች ነው የሄድነው። እኔ እዚያች ጉድጓድ ውስጥ ተጣጥፌ። ሕፃኑ በደህና ወጣ፤ እኔን ግን ለሁለት ጎትተው ነው ያወጡኝ።»

«አረንጓዴ?» አሉ ቄሱ። «ነጭ ናት እንጂ! እኔ ዲያቆን ሳለሁ የጥምቀት ከበሮ አናቷ ላይ አስረን ወንዝ ወርደናል። ነጭ ባትሆን እናስር ነበር?»

«ሁለታችሁም ተሳስታችኋል» አሉ አቶ አራጋው። «ቢጫ ናት። ሲሪንቃ ጋ ልትቀድመኝ ስትል ክላክስ ነፍቼባታለሁ። ቢጫ ባትሆን አላያትም ነበር።»

ሦስቱም ልክ ናቸው። ባለቤቴ የሚቀባት ከመንገድ ሥራው የተረፈውን ቀለም ነው፤ የዓመቱ ቀለም የዓመቱ የመንገድ ምልክት ነው። ልነግራቸው አሰብኩ፤ ግን ክርክሩ ጥሞኝ ተውኩት። ሼሁ በትራቸውን ወዲህ፣ ቄሱ መስቀላቸውን ወዲያ እያወዛወዙ፣ አንዱ «ሙሄ ካደሳት አረንጓዴ ይቀባት» ሲሉ፣ አንዱ «ነጭ ካልሆነ እኔ የለሁበትም» ሲሉ፣ ለልመና የመጡት ሽማግሌዎች ሌላ ሽማግሌ የሚያስፈልጋቸው ሆኑ። ሲደክማቸው ከወይራው ሥር ባለው ግንድ ላይ ቁጭ ቁጭ አሉ። እኔም ውኃ አመጣሁላቸው።

ሼህ እንድሪስ ውኃውን ጠጥተው አፋቸውን ከጠረጉ በኋላ ነው ድንገት ቀጥ ያሉት።

«ተቀምጠናል እኮ!»

ሁሉም ወደ ግንዱ አዩ።

«አዎን፣ ተቀምጠናል» አሉ ቄሱ፣ እንደ ደነገጠ ሰው።

«ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም» አሉ ሼሁ። «እኛ ተቀምጠናል። እንግዲያው እሺ ብለዋል ማለት ነው።»

«እኔ ምንም አልወጣኝም» አልኩ።

«ውኃም ጠጥተናል» አሉ አቶ አራጋው።

አስቡት። ሦስት ሽበታም ሰዎችን ከተቀመጡበት ተነሱና እንደገና ቁሙ ማለት እችል ነበር? ለሦስት ትውልድ የሚወራ ነውር ነው። አባቶቻችን ያወጡት ደንብ እንዲህ ያለውን ያላሰበው፣ ሙሽራ ስለ ቀለሟ ክርክር አንስታ ስለማታውቅ ይመስለኛል።

«እንዲያ ከሆነ የማስገባው ግዴታ አለኝ» አልኩ። «በሰው መኪና ተጭና አትሄድም፤ በራሷ ጎማ ትወርዳለች። እኔም አብሬ እሄዳለሁ። እኔ ቃል እስክሰጥ ደግሞ ሙሄ ከሞተሯ በቀር አንዲት ነገር አይነካም።»

«ሙሽራዋ ከነእናቷ?» አሉ ሼሁ።

«ከነእናቷ።»

ዱዓ ተደረገ። ቄስ መላኩም ሊመርቁ ቆሙና «ውለዱ ክበዱ» ብለው ጀምረው መሐል ላይ ቆም አሉ። ጥቂት አሰቡና «ነዳጅ አይለያችሁ» ብለው ጨረሱ።

ሙሄ ባትሪና መሣሪያ ይዞ መጥቶ ሲታገላት ዋለ። ስትነሳ ያወጣችው ጭስ ጎረቤቱን ሁሉ አስወጣ፤ አንዷ ዶሮዬ ያን ቀን እንደወጣች ቀረች። መምህር ብሩክ ሳትሞት ልያት እንደሚል ዘመድ ፎቶ ያነሳታል። እኔ የታጠበ ነጠላዬን ለብሼ በቀኝ በኩል፣ በቦታዬ ተቀመጥኩ። መምህሩ በሩን ዘጋልኝ።

ቁልቁለቱን ደህና ወረድን። ድምጿ ያው ነው፤ ሁለተኛ ማርሽ ላይ የሚያቃስት፣ ሦስተኛ ላይ የሚረሳ። ሙሄ ያወራል፤ እኔ መንገዱን አያለሁ። ያኔ መንደር ያልነበረበት መንደር ሆኗል። ዓይኔን ብጨፍን ግን ያው ነው ብዬ ጨፈንኩ። ሲሪንቃ ስንደርስ፣ ሙሄ «የፍጥነት መቀነሻ!» ብሎ ሲጮኽ ነው የገለጥኩት።

ጉብታውን በፊት ጎማዋ ተሻገረች። በኋላዋ ግን አልተሻገረችም። ሆዷን ጉብታው ላይ ጣል አድርጋ፣ እንደ ሚዛን አንዴ ወደ ፊት አንዴ ወደ ኋላ ትወዛወዝ ጀመር። ሙሄ ወርዶ ከሥሯ ተጋደመ። ከኋላችን አይሱዙው፣ ሚኒባሱ፣ ባጃጁ ተሰለፈ። ክላክሱ ሰማይ ደረሰ። ፓፓያ የሚሸጡት፣ ከእርሻ የሚመለሱት፣ ተማሪው፣ ሁሉ ከበበን።

«እማማ፣ ይውረዱላትና እናንሳት!» አለ አንዱ ጎረምሳ።

እኔ አልወረድኩም።

«አብሽሩ፣ ምንም አይሆኑም፤ ይውረዱ!»

ፊት ለፊቴን አየሁ።

«ትተዋት አይወርዱም! ወይ ፍቅር!» አለ አንዱ።

«የምን ፍቅር? ኩራት ነው» አለች ፓፓያ ሻጯ። «የጥንት ወይዘሮ አይደሉ? ከነዙፋናቸው አንሷቸው!»

ልወርድ ፈልጌ ነበር። በእኔ በኩል ያለው በር ከውስጥ አይከፈትም። መስኮቱም አይወርድም። በሙሄ በኩል ልውጣ ብል በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ካምቢዮውን መሻገር ሊኖርብኝ ነው። «ክፈቱልኝ» ማለት ነበረብኝ። እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ እስኪወጣ ጊዜ ይፈጃል፤ ሊወጣ ሲል ደግሞ «በአላህ! በማርያም!» ተባለና ከነነጠላዬ ወደ ላይ ተነሳሁ። ጉብታውን በሰው ትከሻ ተሻገርኩ። ተጨበጨበ። እጄን ማንሳት ይገባኝ እንደሆነ አላወቅኩምና ጎንበስ አልኩ።

ጥቂት ከሄድን በኋላ ሙሄ ላቡን እየጠረገ «አክስቴ፣ ምነው ሳይወርዱ ቀሩ?» አለኝ።

«በሩ ከውስጥ አይከፈትም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ጀምሮ።»

ያንን በር ማንም አያውቅም። ባለቤቴ በደረስንበት ሁሉ ቀድሞ ይወርድና፣ በፊት በኩል ዞሮ መጥቶ ይከፍትልኝ ነበር። የገበያ ሴቶች ቆመው ያዩናል። «ይገርማል፣ እንደ ፈረንጅ ሚስቱን ያከብራል!» ይሉ ነበር። በእኔ የተነሳ ስንቱ ባል ቤቱ እንደተነዘነዘ ሰምቻለሁ። በሩ የተበላሸ ነው ብዬ ለአንዲትም ሴት አልተናገርኩም። መሪ ከትራክተር፣ መብራት ከጭነት መኪና አምጥቶ የገጠመ ሰው፣ የአንድ እጀታ ነገር እንዴት እንዳቃተው ግን እኔም አልጠየቅኩትም። እሱም አልነገረኝም።

«ይሄማ ቀላል ነው» አለ ሙሄ። «መርሳ እንደገባን መጀመሪያ እሱን ነው የምቀይረው።»

መርሳ እስክንገባ አሰብኩ። ቃል የምሰጠው እኔ ነኝ።

«ሙሄ።»

«አቤት አክስቴ።»

«ከፍ አድርጋት። የሚሸከማት ሰው ወገብም ወገብ ነው። ሞተሯንም ጎማዋንም እንደፈለግህ አድርግ። ቀለሟን ሼሁና ቄሱ ይጨርሱት።»

ልጁ ከደስታው የተነሳ ከመንገድ ሊወጣ ነበር። «ወላሂ አክስቴ! ወላሂ አያፍሩብኝም!»

«በሩን ግን እንዳትነካው።»

«የትኛውን በር? የተበላሸውን?»

«እሱን።»

«ለምን?»

«እንዲሁ።»

ጋራዡ ደጃፍ ቆምን። ሙሄ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና «መጣች! መጣች!» እያለ ወደ ውስጥ ሮጠ። እኔን ረስቶኛል። እጆቼን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። ሠራተኞቹን ይዞ ሲወጣ፣ መኪናዋን ሊያሳያቸው እጁን ዘርግቶ ሳለ፣ በፊት ለፊቱ መስተዋት ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። እጁን አወረደ። በፊት በኩል፣ በኮፈኗ ዞሮ መጣና ከፈተልኝ፤ ክንዴንም ያዘኝ።

ከመንገዱ ማዶ ብርቱካን የሚቸረችሩ ሁለት ሴቶች ሥራቸውን ትተው ያዩን ነበር።

«አየሽልኝ?» አለች አንዷ። «ልጅ ማለት እንዲህ ያለው ነው። የእኔው ቢሆን ገና ድሮ ገብቶ ምሳውን ይበላ ነበር።»

ነጠላዬን አስተካክዬ፣ ምንም ሳልናገር አልፌያቸው ገባሁ።